ጠንካራ ማጽጃዎችና የቆዳ ጤና፦ ከዶሮ ማነቂያ ሱቅ እስከ ማኅበራዊ ትስስር ገበያ

በአራዳ ክፍለ ከተማ በፒያሳ እምብርት ይገኝ የነበረው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ ከፈረሰ ወዲህ ነዋሪዎቹ ወደ ተለያዩ የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከነዋሪዎቹ ጋር የሰፈሩ የዕለት ተዕለት ግብይትም ተበትኗል። ተጠጋግተው በተሠሩት ቤቶች መካከል በነበሩት አነስተኛ ሱቆች ሳሙናም ሆነ በረኪና የሚገዛው ከሚታወቅ ባለሱቅ ነበር። ሸማቹ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ከማንበብ ይልቅ በሻጩ ላይ ያለውን እምነት ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ ያው ሸማች የገላና የፊት ማጽጃን ከማያውቀው ሱቅ፣ ከመንገድ ዳር ነጋዴ ወይም በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሚተዋወቅ ሻጭ ይገዛል።

ይህ ለውጥ ከቆዳ ጤና አንጻር ሊጤን ይገባል። ቆዳን የሚጎዱ ማጽጃዎች አዲስ ክስተት አይደሉም፤ በቀድሞው ሰፈርም ነበሩ። የትናንቱ ሸማች በመተዋወቅ፣ የዛሬው ደግሞ በማስታወቂያ ቢተማመንም፣ ሁለቱም በጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ አይነግሩም። ይህን ሊነግር የሚችለው በምርቱ ላይ የሚገኘው ገላጭ ጽሑፍና ከጀርባው የሚቆመው የቁጥጥር ሥርዓት ነው። በመሆኑም ተጠቃሚው ማጽጃ በቆዳ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንደሚጠነክሩ፣ ጉዳት ሲደርስም ወዴት መሄድ እንዳለበት ማወቁ አስፈላጊ ይሆናል።

ቆዳ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ

የቆዳ የላይኛው ሽፋን እጅግ ስስ ቢሆንም አሠራሩ የግንብ ያህል ነው። የሞቱት የቆዳ ሕዋሳት እንደ ጡብ ተደርድረው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ያሉት ቅባቶች ደግሞ እንደ ጭቃ ወይም እንደ ሲሚንቶ ያያይዟቸዋል። ይህ ግንብ በውስጥ ያለው ውኃ እንዳይተን፣ በውጭ ያለው ጀርምና ኬሚካልም እንዳይገባ ይከላከላል። በተጨማሪም ጤናማ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በአብዛኛው ከ4.7 እስከ 5.7 ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ይህ አሲዳማነት ለቆዳ ጠቃሚ የሆኑ ጥቃቅን ተህዋስያን እንዲኖሩ፣ ጎጂዎቹ ደግሞ እንዳይበዙ ያግዛል።

በአንጻሩ ከቅባትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራ መደበኛ ሳሙና አልካላይ ሲሆን ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ሆኖም በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ አንድ ደረጃ የአሥር እጥፍ ለውጥ ነው። ስለዚህ ከ5.5 ወደ 9.5 መውጣት ማለት አሲዳማነቱ በ10,000 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ጤናማ ቆዳ ከአንድ ጊዜ መታጠብ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ቆዳው ለማገገም ጊዜ ሳያገኝ በቀን ብዙ ጊዜ በጠንካራ ማጽጃ ሲታጠብ ግን በጡቦቹ መካከል ያለው ቅባት እየታጠበ ይወጣል። ውጤቱም ድርቀት፣ መሰንጠቅ፣ ማሳከክና እያደር በሕክምና ስሙ የንክኪ ችፌ የሚባለው ሕመም ነው።

ቅባትንና ውኃን አገናኝተው እድፍን የሚያስለቅቁት ንጥረ ነገሮች ሰርፋክታንት ይባላሉ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የምግብ ቅባትንና የቆዳን ቅባት ለይተው አያውቁም፤ ከሳህን ላይ ያለውን እንደሚያነሱ ሁሉ ከእጅ ላይ ያለውንም ያነሳሉ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ቆዳን የማስቆጣት ባሕርይው የታወቀ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች የቆዳን የመቋቋም አቅም ለመፈተን ሆን ብለው እንደ መለኪያ ይጠቀሙበታል። በስም የሚቀራረበው ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ከእርሱ ለስለስ ያለ ነው። ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን የተባለው ደግሞ በአብዛኛው ከሁለቱም ይለሰልሳል። ግሊሰሪን የተጨመረበት ማጽጃ የቆዳን እርጥበት በተሻለ ሁኔታ ይጠብቃል። ስለሆነም ሁለት ማጽጃዎች በመልክና በአረፋ ቢመሳሰሉም በቆዳ ላይ የሚያደርሱት ውጤት የተለያየ ሊሆን ይችላል።

ሦስት አሳሳች ምልክቶች

ገላጭ ጽሑፍ በሌለበት ወይም በማይነበብበት ገበያ ሸማቹ የማጽጃን ጥራት በሌሎች ምልክቶች ለመገመት ይገደዳል። በተለምዶ የሚታዩት ምልክቶች አረፋ፣ ሽታና የማቃጠል ስሜት ናቸው። ሦስቱም ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው አረፋ ነው። ብዙ አረፋ የሚያወጣ ሳሙና የበለጠ ያጸዳል የሚለው ግምት በስፋት የሚታመን ቢሆንም፣ አምራቾች አረፋን ለማብዛት ብቻ የሚጨምሯቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። ለገላ ተብሎ የማይሠራው፣ በተለምዶ ኦሞ የሚባለው የዱቄት ሳሙናም ሆነ ላርጎ የሚባለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ብዙ አረፋ አላቸው። የተሠሩት ግን የልብስ እድፍንና የድስት ቅባትን እንዲያነሱ ነው። እነዚህን ለፊት፣ ለፀጉር ወይም ለሕፃን ገላ ማጠቢያ ማዋል ቆዳን ከሚገባው በላይ ለሚጠነክር ማጽጃ ማጋለጥ ነው።

ሁለተኛው ሽታ ነው። መልካም መዓዛ የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ቢወሰድም፣ የሽቶ ንጥረ ነገሮች የቆዳ አለርጂን በብዛት ከሚያስነሱት መካከል ይመደባሉ። የመድኃኒት ሽታ ያላቸውና ጀርምን ይገድላሉ ተብለው የሚሸጡ ሳሙናዎችም ሁልጊዜ ብልጫ የላቸውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ትራይክሎሳንና ትራይክሎካርባንን ጨምሮ 19 ፀረ-ባክቴሪያ ንጥረ ነገሮች ለሸማቾች በሚሸጡ የእጅና የገላ ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይኖሩ ወስኗል። ለውሳኔው ምክንያት የሆነው አምራቾቹ ንጥረ ነገሮቹ ለረጅም ጊዜ ጥቅም ደህና መሆናቸውንና ከተራ ሳሙናና ውኃ የተሻሉ መሆናቸውን ማሳየት አለመቻላቸው ነው።

ሦስተኛው የማቃጠል ስሜት ነው። ፊትን የሚለበልብ ማጽጃ «እየሠራ ነው» የሚለው አነጋገር በተለይ ብጉር ባስቸገራቸው ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን ማቃጠል የቆዳው ግንብ መሰንጠቁንና ኬሚካሉ ወደ ነርቮች መድረሱን ሊያመለክት ይችላል። አልኮል የበዛበት የፊት ማጽጃና ሻካራ ቅንጣት ያለበት መፈግፈጊያ ብጉርን ከሥሩ አያጠፉም፤ የተቆጣውን ቆዳ ግን ይበልጥ ያስቆጡታል።

በዚህ ረገድ አንድ ጉዳይ በግልጽ መለየት አለበት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብና ሳኒታይዘር መጠቀም በስፋት ተለምዷል። ይህ ልማድ ሕይወት አድን በመሆኑ መቀጠል ያለበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ሳኒታይዘር ያወጣው አንደኛው ቀመር 80 በመቶ ኢታኖል ሲይዝ፣ ቆዳን ከድርቀት ለመጠበቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን እንዲጨመርበት ያዛል። ጀርምን መከላከልና ቆዳን መጠበቅ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

«ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ማረጋገጫ

ከፋብሪካ ምርት የሚሸሹ ተጠቃሚዎች ብዙ ጊዜ ወደ ተክሎች ያዘነብላሉ። ማስታወቂያዎችም «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል «ጉዳት የሌለው» ከሚለው ጋር አንድ አድርገው ያቀርቡታል። የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ አለው። እንዶድ ለብዙ ትውልድ የልብስ ሳሙና ሆኖ አገልግሏል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን ለመግደል እንደሚያገለግል የተረጋገጠበትን ምርምር አስጀምሯል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እድፍን የሚያለቅቀውም ቀንድ አውጣን የሚገድለውም በተክሉ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። አንድ ነገር ከዛፍ መገኘቱ ብቻውን ለዓይንና ለፊት ቆዳ ለስላሳ እንደማያደርገው እንዶድ በግልጽ ያሳያል።

ፊትን በሎሚ መፈግፈግም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ወደ 2 የሚጠጋ ሲሆን፣ ጭማቂው የነካው ቆዳ ለፀሐይ ሲጋለጥ ሊቃጠልና ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የፀሐይ ጨረር ጠንካራ በመሆኑ ይህን አደጋ ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም።

ጉዳቱ የሚበረታባቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች

የጠንካራ ማጽጃ ጉዳት ለሁሉም እኩል አይደርስም። ይበልጥ የሚጎዱት እጃቸው ለረጅም ሰዓት ከውኃና ከሳሙና የማይለይ ሰዎች ናቸው። በሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ፣ የቤት ሠራተኞች፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ዕቃ አጣቢዎች፣ የፀጉር ሥራ ባለሙያዎችና የጽዳት ሠራተኞች በዚህ ይመደባሉ። በጀርመን የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እጅን በውኃ ውስጥ የሚያቆይ ሥራ ለቆዳ አስጊ ተደርጎ ይቆጠራል። በእጅ የሚያጥብ ሠራተኛ ከዚህ ገደብ እጅግ በላይ ሊሠራ እንደሚችል ግልጽ ነው። ለእነዚህ ዜጎች የእጅ ቆዳ መሰንጠቅ የመልክ ጉዳይ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ የቆሰለ እጅ በማግሥቱ ወደ ሥራ ለመመለስ ያስቸግራል።

ሕፃናትም ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፤ አሲዳማ መከላከያው ከተወለደ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ የሚገነባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ሕፃን የመጀመሪያ ገላ መታጠብ ቢያንስ ለ24 ሰዓት እንዲዘገይ ይመክራል። ከዚያ በኋላም ለሕፃን ለብ ያለ ውኃ በቂ ሲሆን፣ ሳሙና ካስፈለገ ሽታ የሌለውን ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ መጠቀም ይመረጣል።

ሌላው አሳሳቢ ጉዳይ ያለ ገላጭ ጽሑፍ እየተቀዳ የሚሸጥ ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሳሙና በአነስተኛ ደረጃ ሲመረት ሰልፎኒክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ በልክ ተመጣጥነው መቀላቀል አለባቸው። ልኬቱ ከተዛባ የተረፈው አሲድ ወይም ሶዳ በቀጥታ የተጠቃሚውን እጅ ያገኘዋል። በረኪና ደግሞ ከዚህም የከበደ አልካላይ ኬሚካል ነው። ለቆዳ ማንጫ፣ ለብጉር ማድረቂያ ወይም ለገላ ማጠቢያ ፈጽሞ መዋል የለበትም። ከአሲድነት ካላቸው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀልም መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውኃ ፕላስቲክ ሲቀዳ ደግሞ ሕፃናት ውኃ መስሏቸው እንዲጠጡት በር ይከፍታል።

ከማጽጃ ወደ ቅባት የሚያመራ የጉዳት ሰንሰለት

የጠንካራ ማጽጃ ጉዳት በድርቀት ብቻ አያበቃም። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የቆዳ መቆጣት እንደ ነጭ ቆዳ በቅላት ጎልቶ አይታይም፤ ይልቁንም ጠቆር ያለ ወይም ግራጫ መልክ ይዞ ሊታይ ይችላል። ቁጣው ከበረደ በኋላም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ተጠቃሚው ይህን ጥቁረት እንደ እድፍ ወይም እንደ ማድያት በመቁጠር ይበልጥ ጠንካራ ማጽጃ ይፈልጋል። አዲሱ ማጽጃ አዲስ ቁጣን፣ አዲሱ ቁጣም አዲስ ጥቁረትን ያስከትላል።

ብዙዎች ወደ ማንጫ ቅባት የሚገቡት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከሚወሰዱት ቅባቶች መካከል እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ ስቴሮይዶች ይገኛሉ። እነዚህ በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ሲታዘዙ ጠቃሚ መድኃኒቶች ናቸው። በፊት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ ብጉር ያስነሳሉ፣ ሲቆሙም ቁጣው ብሶ ይመለሳል። እንደ ጭርት ያለ የፈንገስ ሕመም ላይ ሲደረጉ መልኩን ለውጠው ለምርመራ ያስቸግራሉ። በአንዳንድ ማንጫዎች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በዚህም ምክንያት የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ፣ ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የውበት መጠበቂያዎች በሙሉ እስከ 2025 ከምርትና ከንግድ እንዲወጡ ወስነዋል።

ሰንሰለቱን ለመበጠስ ቀላሉ ሥፍራ መጀመሪያው ነው። ቆዳው ሲደርቅና ሲቃጠል ማጽጃውን ማቆም፣ በለብታ ውኃ መታጠብ፣ ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ኬሚካል ሳያስፈልግ ለማገገም ይረዳል።

ከመተዋወቅ ወደ ገላጭ ጽሑፍ

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን ከምግብ፣ ከመድኃኒትና ከሕክምና መሣሪያዎች ጋር በቁጥጥር ሥር አካቷቸዋል። በፌዴራል ደረጃ ይህን ሥራ የሚያከናውነው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የከተማ አስተዳደሩም በችርቻሮ ደረጃ የራሱ ተቆጣጣሪ አካል አለው። ሆኖም ተቆጣጣሪ በየሱቁና በየስልኩ ሊገኝ አይችልም፤ በተለይ ሻጩ አድራሻ በሌለው የማኅበራዊ ትስስር ገበያ ውስጥ ቁጥጥሩ በዜጎች ጥቆማ ላይ ይመሠረታል። የዶሮ ማነቂያ ባለሱቅ ቢያንስ ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ደንበኛን በማግሥቱ ደጁ ላይ ያገኘው ነበር። ዕቃውን በመልእክተኛ ልኮ ስልኩን የሚያጠፋ ሻጭ ግን ይህ ተጠያቂነት የለበትም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሸማቹ ከመክፈሉ በፊት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው።

ማንኛውም ተጠቃሚ የቆዳ ማጽጃ ሲገዛ የሚከተሉትን ሊመለከት ይገባል፦

የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የተመረተበት አገር፣ የባች ቁጥር፣ የተመረተበትና የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃበት ቀን በምርቱ ላይ መኖሩን፤

የንጥረ ነገሮች ዝርዝር መኖሩን፤ ዝርዝሩ በአብዛኛው በመጠን ከሚበዛው ስለሚጀምር ጠንካራ ሰርፋክታንት ወይም አልኮል ከመጀመሪያዎቹ መካከል መጠቀሱን፤

ምርቱ ለልብስ፣ ለዕቃ ወይም ለገላ የተሠራ መሆኑ በግልጽ መጻፉን፤

ማሸጊያው ያልተከፈተና በሌላ ጠርሙስ ያልተገለበጠ መሆኑን፤

ሻጩ ደረሰኝ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን፤ ደረሰኝ በኋላ ለሚቀርብ አቤቱታ ዋነኛ ማስረጃ ነውና።

ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል፣ ዋጋው ቢቀንስም ሻጩ ቢታወቅም፣ ምርቱን አለመግዛት ይመረጣል። አዲስ ማጽጃ የተገዛ እንደሆነም ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት በክንድ የውስጠኛው ክፍል ላይ በትንሹ ለተወሰኑ ቀናት መሞከር ጠቃሚ ነው።

ጉዳት ሲደርስ የሚገኙ አገልግሎቶች

በረኪና፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ሌላ ጠንካራ ኬሚካል ቆዳን ወይም ዓይንን ከነካ ኬሚካሉ የነካውን ልብስ በፍጥነት አውልቆ ሥፍራውን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ቀዳሚው ርምጃ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ሎሚ መቀባት አይገባም። ኬሚካሉ ከተጠጣ ታማሚውን ለማስታወክ መሞከር ጉሮሮን በድጋሚ ስለሚያቃጥል፣ ጠርሙሱን ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለቆየ ድርቀት፣ ማሳከክና ችፌ የአገልግሎቱ መነሻ በአቅራቢያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ የሆነ ሕመም በሪፈራል ወደ ሆስፒታል ይላካል። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመውና በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት የቆዳ ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው። ታካሚው ወደ ሐኪም ሲቀርብ የተጠቀመባቸውን ማጽጃዎችና ቅባቶች፣ ገላጭ ጽሑፍ የሌላቸውንም ጭምር፣ ይዞ መሄዱ ምርመራውን ያፋጥናል። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው በራሱ በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

ከዶሮ ማነቂያና ከሌሎች የፒያሳ አካባቢዎች የተዛወሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባላት የሪፈራል አገልግሎት እንዳይስተጓጎልባቸው፣ አባልነታቸውን ስለማዛወር በአዲሱ ወረዳቸው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርባቸዋል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየመኖሪያው ሲዘዋወሩ ስለግል ንጽሕና ምክር የሚጠየቁ የመንግሥት ባለሙያዎች ናቸው።

ገላጭ ጽሑፍ የሌለው፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ጉዳት ያደረሰ የውበት መጠበቂያ ያጋጠመው ዜጋ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ማቅረብ ይችላል። ጥቆማው የምርቱን ስም፣ የባች ቁጥር፣ የተገዛበትን ሥፍራ ወይም የሻጩን የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ስም፣ ከተቻለም ፎቶግራፍ የያዘ ቢሆን ለክትትል ያመቻል። አንድ ሰው የሚያቀርበው ጥቆማ በዚያው ምርት ሊጎዱ የሚችሉ ሌሎች ሰዎችን ይታደጋል።